የወልደአማኑኤል የይለፍ ቃል

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፤ በጥር ወር፤ የጅጅጋ ሜዳ ሣሩ ደርቆ መልኩ ወደ አመድ ተለውጦ ነበር፤ ከካራማራ በኩል የሚመጣው ነፋስም አቧራውን እያነሣ በየበሩ ሥር ያስገባል፤ ሴቶች ጠዋት የጠረጉትን ቤት ቀትር ላይ ደግመው ይጠርጋሉ። ከተማዪቱ ከወራሪው እጅ ነጻ የወጣችበት ዐሥረኛ ዓመት ሊከበር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ስለነበር በየመንገዱ የጨርቅ መፈክር ይሰቀላል፤ ነፋሱ ይቀደዋል፤ ወርዶ ይሰፋና እንደገና ይሰቀላል። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ የጌታሁን፤ በጦርነቱ ግራ እግራቸው ቆስሎ በጥቂቱ የሚያነክሱ የቀድሞ ሻምበል ባሻ፤ ሰልፉንም ዘፈኑንም አሰናድተው ካበቁ በኋላ አንድ ነገር እንደጎደላቸው ታወቃቸው፤ ይኸውም የተጻፈ ነገር ነበር።

«ጦሩ የራሱን ጽፏል፤» አሉ በስብሰባው ላይ፤ «ከሲቪሉ ወገን ያን ዘመን በዐይኑ አይቶ ያመለጠ አንድ ሰው ግን ጉዞውን ቢጽፍልን እንዴት ባማረ!»

ዐይን ሁሉ ወደ ወልደአማኑኤል መርሻ ዞረ። ወልደአማኑኤል የደብረ ሲና ሰው ነው፤ በስልሳ ዘጠኝ ክረምት በሃያ አራት ዓመቱ ጸሐፊ ሆኖ ወደ ጅጅጋ ተመደበ፤ የከተማውን መንገድ እንኳ በቅጡ ሳይለይ መስከረም ጠባና ከተማዪቱ ወደቀች፤ እርሱም በአፍደም በኩል አምልጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሐረር ሲሠራ ኖሮ፤ ገና ባለፈው ጥቅምት ነበር በዕድገት ወደ ጅጅጋ የተመለሰው። የመንግሥት ደብዳቤ ሲጽፍ የሚያስቀና እጅ ነበረው፤ የራሱን ነገር ግን ጽፎ አያውቅም። የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ዘርግቶ ብዙ ካሰበ በኋላ «ጉዳዩ፦ ከጅጅጋ ስለ መሸሽ» ብሎ ጻፈና ራሱ በራሱ ሳቀ። ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለው፤ ሌላ ጀመረ።

ወሬው በከተማው ወዲያው ተሰማ። በሁለተኛው ቀን ባለ ሻይ ቤቷ ወይዘሮ ኬሪያ ሻሽዋን አስተካክላ ቢሮው ድረስ መጣች። ኬሪያ የሐረር ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ሴት ልጇን ፎዚያን እያሳደገች ሻይ ቤቷን የያዘች፤ አማርኛውንም ሶማልኛውንም አቀላጥፋ የምትናገር ብርቱ ሴት ነበረች።

«ወልዴ፤ ልትጽፍ ነው አሉ።»

«ትንሽ ትዝታ ብጤ ናት፤ እትዬ ኬሪያ።»

«እሰይ፤ ጻፍ። እኔ አላነብም፤ ፎዚያ ታነብልኛለች። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ከኔ ጋር እንደወጣህ ጻፍልኝ። ልጄን ‹እናትሽ በወራሪው ወረቀት ስትመላለስ የነበረች ናት› ብለው ከመምህርነቱ ምልመላ ሊያስቀሯት ነው። ወረቀቱን ለምን እንዳወጣሁት ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ በአፌ ብነግራቸው አይሰሙኝም፤ የተጻፈ ነው የሚሰሙት።»

«እንዴ! ይኼም ልመና ሆኖ!» አለ ወልደአማኑኤል ከወንበሩ ተነሥቶ፤ «እርስዎን ያልጻፍኩ ምን ልጽፍ ነው ታዲያ? ዐይኔን ግንባር ያድርገው!»

በዚያች ሰዓት ከልቡ ነበር፤ ይህን ልንክደው አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ መስከረም ጦሩና ሠራተኛው ከተማዪቱን ለቀው ሲወጡ ወልደአማኑኤል ወባ ጥሎት ከኬሪያ ሻይ ቤት ኋላ በተከራያት ክፍል ውስጥ ይቃዥ ነበር፤ መኪናዎቹ ጥለውት ሄዱ። ኬሪያ ከጆንያ ቁልል ኋላ ደበቀችው፤ ትኩሳቱ እስኪለቀው አስታመመችው፤ ሻይ ከሚጠጡባት የወራሪው ሹማምንት ከአንዱ ዘንድ ቀርባም «የታመመ ወንድሜን ዘመድ ጋ ላድርስ» ብላ የመንገድ ወረቀት አወጣች። የስምንት ዓመት ልጇን ለእህቷ ትታ፤ ወልደአማኑኤልን ሽርጥ አስታጥቃ፤ ቆብ አድርጋለት፤ የአህያዋን ጭራ አስይዛ በአውበሬ በኩል አወጣችው። «ከአፍህ አንድ ቃል ቢወጣ ሁለታችንም አለቀልን፤» አለችው፤ እርሱም እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አላለም።

በየኬላው ዘብ ያስቆማቸዋል። ኬሪያ ወረቀቷን ታሳያለች፤ ዘቡ ወደ ወልደአማኑኤል ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ እርሱ መሬት መሬት ያያል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ኬሪያ መሐል ገብታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ትላለች፤ የነገሩም መጨረሻ «ማ ሀድሎ» የሚል ነበር። ይህን ስትል ዘቡ አንዳንዴ ይስቃል፤ አንዳንዴ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ከዚያም እጁን ያወዛውዛል፤ ያልፋሉ። ወልደአማኑኤል ሶማልኛ አያውቅም ነበርና ይህ ቃል መንገድ የሚከፍት የይለፍ ቃል መሆኑን ለራሱ ደመደመ። ትርጉሙን ለመጠየቅ በመንገድ ላይ አፍ አልነበረውም፤ ከአፍደም ወዲህ ሐዲዱን የሚጠብቁ የወገን ወታደሮች አግኝተው አፍ በተፈቀደለት ጊዜ ደግሞ ወታደሮቹ ወዲያው ይዘውት ሄዱ፤ እርሷም ወደ ልጇ አህያዋን መለሰች። በደንብ እንኳ አልተሰነባበቱም፤ በጥቅምት ሲመለስም ትርጉሙን ያወቀው መስሎት አልጠየቃትም።

የመጀመሪያው ረቂቅ ይህንኑ ከሞላ ጎደል ይዞ ነበር። «ወጣን፤ አለፍን፤ አደርን፤ ተጠማን» እያለ የሚሄድ፤ ቀጥ ያለና ጥቂት ጎምዛዛ ጽሑፍ ነበር፤ ስለ ራሱ መንቀጥቀጥም አልሸሸገም። ጓድ የጌታሁን ረቂቁን በመነጽራቸው ሥር አንብበው ሲጨርሱ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ግሩም ነው። ጎበዝ! አንጀት ይበላል፤» አሉ። «ብቻ ይኼ ‹ሄድን፤ አለፍን› የሚለው ነገር፤ ሌላው ማነው?»

«እትዬ ኬሪያ ናቸው እንጂ፤ ጓድ ሊቀመንበር፤ ባለ ሻይ ቤቷ። ጽፌዋለሁ እኮ።»

«ያቺ የወረቀቷ?»

«ወረቀቱን ያወጡት እኮ እኔን ለማውጣት…»

«ገብቶኛል፤ አንብቤዋለሁ። እኔ አስቀር አላልኩህም። ብቻ እስቲ አስበው፤ የድል ቀን፤ ያ ሁሉ ሕዝብ፤ ያ ሁሉ መኮንን ተቀምጦ፤ ‹በሴት ጉያ ተሸሽጌ፤ በጠላት ማኅተም አመለጥኩ› ብለህ ልታነብ ነው። እንደ ፈቃድህ።»

ጓድ የጌታሁን ያሉት ይህን ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ አንዲት ቃል እንኳ አላዘዙም፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሆነውን በእርሳቸው ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ወልደአማኑኤል ረቂቁን ይዞ ተመለሰ። መጀመሪያ አንዲቷን «ወጣን» ብቻ ሰርዞ «ወጣሁ» አላት፤ እንዴት እንደምትመስል ለማየት ያህል ነው፤ አለ ለራሱ። አማረችው። «አለፍን» ያለውን «አለፍኩ» አለው፤ «አደርን» ያለውን «አደርኩ» አለው። በአማርኛ ሰውን ከመንገድ ላይ ማስቀረት እንዲህ ቀላል ነው፤ ከቃሉ ጫፍ አንዲት ፊደል ይፍቁና በቦታዋ ሌላ ያስቀምጣሉ፤ ወረቀቱ ላይ ደም አይታይም። ገጹን በጨረሰ ጊዜ ኬሪያም አህያዋም ጠፍተው ሜዳው ላይ አንድ ወጣት ብቻውን፤ ደረቱን ሰጥቶ ይራመድ ነበር። ወባውም ተሰረዘች፤ ጀግና በወባ አይተኛምና። ይብላኝ ለእርሱ! ፈርቶ ብቻ ያደረገው ቢሆን ይሻል ነበር፤ እርሱ ግን እየጣፈጠው ሄደ።

ኬላዎቹ ላይ ሲደርስ ተቸገረ። ኬሪያ ከሌለች ማን ይናገራል? ብዕሩን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ያን ጊዜ ቃሉ ትዝ አለው፤ ደስ ብሎትም እንዲህ ጻፈ፦ «ዘቡ ‹ቁም!› ብሎ መሣሪያውን ደገነብኝ። እኔ ግን የጠላትን የይለፍ ቃል አስቀድሜ ሰልዬ ይዤ ነበርና ሳልደናገጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ‹ማ ሀድሎ!› አልኩት፤ እርሱም በአክብሮት መንገዱን ለቀቀልኝ።» ይህን አንቀጽ ደጋግሞ አነበበው። ከጻፈው ሁሉ እጅግ የኮራበት ይህ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሻይ ቤቱ በኩል ማለፉን ተወ፤ ከቢሮ ወደ ቤቱ በገበያው ዞሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ፎዚያ መንገድ ላይ አግኝታው «ጋሼ፤ አለቀልዎት?» ብትለው «ኧረ ገና ነው፤ የኔ እመቤት፤» ብሎ ጫማውን እያየ አለፋት። ጽሑፉ ካለቀ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የኮሚቴው ማባዣ መኪናም በቀጭን መጽሐፍ መልክ መቶ ቅጂ አውጥቶለት ነበር።

የካቲት ሃያ ስድስት ቀን የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት መኮንኖችና የጽሕፈት ቤት ሹማምንት፤ ቀጥሎ የከተማው ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከእነርሱም መሐል ሂርሲ የሚባሉት፤ በግመል ንግድ የታወቁት አዛውንት፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ነበር። ከኋላ ሴቶች ተሰበሰቡ። ኬሪያ የዒድ ልብሷን ለብሳ፤ እጇን ሂና ተቀብታ ነበር የመጣችው፤ ስሟ ሊጠራ ነዋ! ጎረቤቶቿንም «ዛሬ ኑልኝ» ብላ ጠርታ በግራ በቀኝ አስቀምጣቸዋለች። ወልደአማኑኤል መድረክ ላይ ሲወጣ በመጀመሪያ ያየው ያን ልብስ ነው።

«ወጣሁ፤» ብሎ አነበበ። «አለፍኩ።» ፎዚያ ወደ እናቷ ዞር ብላ አየች፤ ኬሪያ ግን «ቆዪ፤ ይመጣል፤» አለቻት በእጇ። «አደርኩ።» አንድ አንቀጽ፤ ሌላ አንቀጽ። ጎረቤቶቿ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያች ሰዓት እንኳ ከአፉ ላይ አንዲቷን ቃል ለውጦ «አደርን» ሊል ይችል ነበር፤ ማን ከለከለው? ዐይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ያነብ ጀመር፤ ወደ ኬላው አንቀጽ ሲደርስ ግን ልቡ ሞቀና ቀና አለ፤ ድምፁንም ከፍ አደረገ።

«‹ማ ሀድሎ!› አልኩት።»

ከሽማግሌዎቹ ረድፍ አንድ ሳቅ አመለጠ፤ ወዲያው ሌላ፤ ከዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። ከፊት የተቀመጡት መኮንኖች ነገሩ አልገባቸውምና ዞረው ኋላ ኋላቸውን ያያሉ። ጓድ የጌታሁን ተነሥተው ጠረጴዛውን መቱ።

«ምንድን ነው ይኼ? ምን የሚያስቅ ነገር ተገኘ? አባ ሂርሲ፤ እስቲ እርስዎ ይንገሩን።»

ሂርሲ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ሳቃቸውን ለመዋጥ ቢታገሉም ጢማቸው ይርገበገብ ነበር።

«ይቅርታ፤ ጓድ ሊቀመንበር። ቃሉ እኮ በእኛ ቋንቋ ‹አይናገርም› ማለት ነው። ልጁ ዘቡ ላይ ‹አይናገርም!› ብሎ ጮኸበት ነው የሚለን።»

«‹አልናገርም› ማለቱ ይሆናል፤ የእምቢታ ነገር።»

«አይ፤ እምቢ ስንል የምንለው ሌላ ነው። ይኼ አንዱ ስለ ሌላው ሲናገር የሚለው ነው፤ ዲዳ ነው፤ መናገር አይችልም እንደማለት።»

«ታዲያ ማን ነው ስለ ማን ይህን ያለው?» አሉ ጓድ የጌታሁን፤ ጥያቄው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው መልሱን ማወቃቸው ትዝ ያላቸው።

ወልደአማኑኤልን ዐሥር ዓመት ሙሉ ሳይገባው የኖረው ነገር በዚያች መድረክ ላይ ገባው፤ ዲዳ ሆኖ፤ የአንዲት ሴት ዲዳ ወንድም ሆኖ፤ እየታዘነለትና እየተሳቀበት ነበር ያለፈው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አሁን ሁሉም እርሱን ያያል፤ መናገር ያለበትም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እርሷ ናት ያለችው፤» ብሎ ጣቱን ወደ ኋላ መዘርጋት። አፉን ከፈተ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ።

ከኋላ ኬሪያ ተነሣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፤ እኔ ልናገር። ያን ጊዜ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነበርኩ። ለዘቦቹ ሻይ ስቀዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የዚያን ሰሞን የይለፍ ቃላቸው ይኸው ነበር። ወታደር ለይለፍ ቃል ማንም የማይገምተውን ነው የሚመርጠው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።»

ከመኮንኖቹ አንዱ «እውነቷን ነው!» አለና ሳቀ። ጓድ የጌታሁን ወደ ኬሪያ ትክ ብለው አዩ።

«ጓድ ወልደአማኑኤል ከከተማው ሲወጣ አይተሻል?»

«ሻይ ይጠጡ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሰው። እንዴት እንደወጡ አላየሁም፤» አለችና ተቀመጠች።

አዳራሹ አጨበጨበ። ወልደአማኑኤልም ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ምን እንዳነበበ ግን አላወቀውም። ሲወርድ መኮንኖቹ እጁን ጨበጡት፤ የጨርቅ አበባም አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ኬሪያ በኋላው በር ወጥታ ሄዳ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሻይ ቤቱ ሄደ። ኬሪያ ምድጃዋን ታራግብ ነበር፤ ፎዚያ ሻዩን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና ሰላም ሳትለው ወደ ጓዳ ገባች።

«እትዬ ኬሪያ፤ ለምን እንዲያ አሉ? ልናገር እኮ ነበር።»

«አልነበርክም፤» አለች ኬሪያ፤ በድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ አውቀዋለሁ፤ ሆዴ አልቻለም። ሳላስበው ነው ብድግ ያልኩት።»

«አፈርኩ፤» አለ ወልደአማኑኤል፤ እንባው መጣ። «እግዜር ያውቃል፤ አፈርኩ። ሰው ፊት አይደለም፤ እርስዎ ፊት ነው ያፈርኩት።»

«ማፈርህ ለኔ ምን ይሠራልኛል? ሂድና ለልጄ ተናገርላት። ጊዜው ሳያልፍባት።»

ሻዩን ሳይጠጣው ተነሥቶ ሄደ። የመምህርነት ምልመላውም ሰብሳቢ እኚሁ ጓድ የጌታሁን ነበሩ፤ ጠረጴዛቸው ላይ የበዓሉ ወረቀት ገና ተከምሮ ነበር። ወልደአማኑኤል ሳይቀመጥ ሁሉንም ተናገረ፤ ወባውን፤ ጆንያውን፤ የአህያዋን ጭራ፤ ወረቀቱ ለምን እንደወጣ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ጓድ የጌታሁን እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ይህን እኔ መጀመሪያም አንብቤዋለሁ፤» አሉ። «እኔ የማውቀውን ግን ተወው፤ ኮሚቴው የሚያየው በሕዝብ ፊት የተባለውን ነው። ሴትዮዋ ‹እንዴት እንደወጡ አላየሁም› አለች። ዋሽታለች ነው የምትለኝ?»

«አዎን፤ ዋሽተዋል። ለእኔ ሲሉ ነው።»

«በጽሑፍ ትሰጠኛለህ?»

«እሰጣለሁ።»

እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈ፤ በዕድሜው አንዲት ቃል እንኳ ሳይሰርዝ የጻፈው ጽሑፍ ይህ ብቻ ነበር። የጉዞ ማስታወሻው ሐሰት መሆኑን፤ ወይዘሮ ኬሪያ አዳራሽ ውስጥ የተናገረችው እውነት አለመሆኑን፤ ሕይወቱን ያተረፈች እርሷ መሆኗን ጻፈና ፈረመ። ጓድ የጌታሁን ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ፤ ፊታቸው ላይ ደስታም ክፋትም አልነበረም፤ የደከማቸው ሰው ነበር የሚመስሉት።

«እንግዲህ ስማኝ፤ የኔ ልጅ። ለወራሪው ዘቦች ሻይ ስቀዳ ነበር ብላ በገዛ አፏ ተናግራለች፤ ይኼ በሕዝብ ፊት የተባለ ነው። በሕዝብ ፊት ዋሽታለች ብለህ ደግሞ አሁን አንተ ፈረምክባት። ኮሚቴው ፊት ሳቀርበው የሚያዩት እነዚህን ሁለቱን ነው። አተረፈችኝ ያልከውን ማን ያምንሃል? አንተም እኮ ውሸታም ነኝ ብለህ ፈርመሃል።»

ወልደአማኑኤል እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ሊወስድ ፈለገ፤ ጓድ የጌታሁን ግን መሳቢያቸው ውስጥ ከተውት ነበር።

ፎዚያ በዚያ ዓመት ከተመለመሉት ልጆች ጋር አልሄደችም። በዚያው ክረምት ከድንበር ማዶ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝብ በአውበሬ በኩል ሲጎርፍ፤ ለእርዳታ ሰጪዎች በአስተርጓሚነት ገብታ ከእናቷ ቤት ወጣች። ለወልደአማኑኤል ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ ከሥራው ግን አልተነሣም፤ መቶው ቅጂ ተበትኖ፤ ጥቂቱም ወደ ዋናው ከተማ ተልኮ ነበርና ያንን ሰው አሁን ውሸታም ማለት ለማንም አይበጅም ነበር።

ታሪክ የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ይዟል፤ የተራራውን ስም፤ የድሉን ቀን፤ የወደቁትን መኮንኖች። ከጅጅጋ እስከ አፍደም አንድ ጸሐፊ ብቻውን፤ በድፍረቱና በብልሃቱ እንደወጣም በዚያች ቀጭን መጽሐፍ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ያነበበም አምኗል። ወልደአማኑኤል እስከ ሰማንያ ሦስት፤ መንግሥቱ እስከተለወጠበት ዓመት ድረስ በጅጅጋ ኖረ፤ ሌላ መጽሐፍም አልጻፈም። በየጠዋቱ ወደ ሻይ ቤቱ ይሄዳል፤ ኬሪያም ሰላምታዋን ሳታጓድል ትቀዳለታለች፤ ጤናውን ትጠይቀዋለች፤ የደብረ ሲና ዘመዶቹን ትጠይቀዋለች። አንድ ነገር አድርግልኝ ብላ ግን ዳግመኛ ለምናው አታውቅም።